ካዝሚሩን ከመቁረጣችሁ በፊት ቅርንጫፉን ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጓሮ ፍራፍሬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አቮካዶ ተነሥቷል፤ ማንጎ ተነሥቷል፤ ፓፓያ፣ አፕል፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን እንኳ አልቀረም። ካዝሚር ግን አንድም ቦታ ላይ የለም። ጋዜጣውን አጥፌ ካስቀመጥሁ በኋላ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ፤ ጠዋት ተነሥቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝሁ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ካዝሚር ሳይቀምስ ልጅነቱን ጨረሰ ቢሉኝ አላምንም። የልጅ ልጄ ግን ባለፈው ዓመት አንዱን ፍሬ አንሥታ «አባባ፣ ይህ አቮካዶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ትውልድ መካከል ስሙ ጠፍቷል ማለት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሳኒተሪያን ነኝ። የተማርሁት በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንጭ ሳጎለብት፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ስለካ፣ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ስቆጣጠር ኖሬአለሁ። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ካዝሚር የማውቀው ከእናቴ ጓሮ ያየሁትን፣ በራሴ ጓሮ የተሳሳትሁትንና ከጡረታ በኋላ ጊዜ አግኝቼ ያነበብሁትን ነው። ለዚህ ደብዳቤ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ አንድ ትልቅ ካዝሚር ተቆረጠ። እናቴ የተከለችው ዛፍ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ግቢው ለወራሾች ተከፋፍሎ ተሸጧል፤ የገዛው ሰው የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራበት ፈለገ። መብቱ ነው፤ አልወቅሰውም። የመጋዙን ድምፅ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። ስደርስ ግንዱ ተጋድሟል፤ ጥሬው ፍሬ እንደ ጠጠር መሬት ላይ ተበትኗል፤ የሠፈር ልጆች እየተወራወሩበት ይጫወታሉ። አንድ ሠራተኛ ቅርንጫፉን ለማገዶ ይከምራል። ከክምሩ አንድ ፍሬ አንሥቼ በኪሴ ከተትሁ፤ ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም፤ ገና አራት ወር የሚቀረው ፍሬ ነበር። ያ ዛፍ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። እንዴት እንደተረፈ ከታች እነግራችኋለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

አስቀድሜ ካዝሚርን ለማያውቁት ላስተዋውቅ። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ጥላው ወፍራም ነው። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣቶች ብዙ ጊዜ አምስት አምስት ሆኖ ከአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ይዘረጋል። አበባው ትንሽና አረንጓዴ ቢጤ ስለሆነ ልብ ብሎ ያላየው ዛፉ ማበቡን አያውቅም። ፍሬው ድብልብል ሆኖ ብርቱካን ያህላል፤ ቆዳው ስስ ነው፤ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ያደላል። ውስጡ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም የቅቤ መልክ ያለው፣ ማንኪያ ሳይቸገር የሚገባበት ልስልስ ሥጋ ነው። ጣፋጭነቱ ከሙዝ ይበልጣል። ዘመዶቹ ሎሚና ብርቱካን ናቸው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሎሚ ቤተሰብ ነው፤ ኮምጣጣነታቸውን ብቻ አልወረሰም።

የትውልድ አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ ስፍራ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካሲሚሮዋ ኢዱሊስ እንደሆነ ያነበብሁ ዕለት እናቴ «ካዝሚር» የምትለው ስም ከየት እንደመጣ ገባኝ። የጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች ደግሞ በናዋትል ቋንቋ «ኮቺትሳፖትል» ይሉት ነበር፤ እንቅልፍ የሚያመጣ ጣፋጭ ፍሬ እንደማለት ነው። እናቴ ስለ ሜክሲኮ የምታውቀው ነገር አልነበራትም፤ ግን «ካዝሚር በልቶ የተኛ ልጅ ሌሊት አያለቅስም» ትል ነበር። ይህን ሳነብ እሷን ጠርቼ ባነበብሁላት ብዬ በጣም ተመኘሁ።

አሁን ወደ ጽሑፋችሁ ልመለስ። ከዘረዘራችኋቸው ፍራፍሬዎች ውስጥ ለጎንደር ከተማ ከፍታ የማይመቹ አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው፤ ጎረቤቴ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተከለው ማንጎ ዛሬም ቅጠል ብቻ ነው። አፕል ደግሞ በቂ ብርድ ካላገኘ በደንብ አያብብም፤ ጨንቻ ላይ የተሳካው ጨንቻ ብርዳም ደጋ ስለሆነ ነው። ካዝሚር በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ነው። የደጋ ዛፍ ሆኖ ተፈጥሯል፤ የወይና ደጋ ብርድ አይጎዳውም፤ ሥሩን አንዴ ከሰደደ በኋላ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ድርቅ ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ይህች ከተማ ለአትክልት እንግዳ አይደለችም። አዘዞ ላይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ስሙ ገነተ ኢየሱስ ነው፤ ገነት ማለት የአትክልት ስፍራ ነው። እኔ ልጅ በነበርሁበት ጊዜ የጎንደር ግቢ ማለት አንድ ጥግ ላይ ጌሾ፣ ከአጥሩ ሥር ኮክ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ሎሚ፣ መካከል ላይ ካዝሚር ያለበት ግቢ ነበር። ድግስ ሲኖር ድንኳን የሚተከለው ከካዝሚሩ ጥላ ተያይዞ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዛፍ ለምን ተናቀ? ብዙ ሰው «ካዝሚር ይመራል» ይላል። እውነት ነው፤ የሚመር ካዝሚር አለ። ይህን ነገር በሚገባ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዘጠኝ ዓመት አስከፍሎኛል።

ቤቴን ሠርቼ የገባሁት በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያው ክረምት ከእናቴ ካዝሚር አንድ ፍሬ ወስጄ፣ ከውስጡ አራት ዘር አውጥቼ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ተከልሁ። የካዝሚር ዘር መቀመጥ አይወድም፤ ደርቆ ከሰነበተ አይበቅልም፤ እንደወጣ መሬት ማግኘት አለበት። ሁለቱ በቀሉ፤ አንዱን ፍየል በላው፤ አንዱ ተረፈ። አሳደግሁት። ከዘር የበቀለ ካዝሚር ለፍሬ እስኪደርስ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጃል፤ የእኔው ዘጠነኛ ዓመቱን ያዘ። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አሥራ አንድ ፍሬ ሰጠ። ቆጥሬአቸዋለሁ። በደንብ እስኪበስሉ ጠብቄ ሦስቱን በሰፌድ አድርጌ ለእናቴ ወሰድሁላት። ዓይኗ ደክሞ ነበር፤ በእጇ ዳበሰችው፤ ከፈለችው፤ ቀመሰችው። ጥቂት ዝም ብላ «ልጄ፣ ይህ የእኔ አይደለም» አለችኝ።

እኔም ቀመስሁት። መጀመሪያ ላይ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ጉሮሮ ላይ እንደ መድኃኒት ያለ ምሬት ይቀራል። ዘጠኝ ዓመት ውኃ ያጠጣሁት ዛፍ ነው።

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው ምክር ለካዝሚር አይሠራም። ከአንድ ጣፋጭ ፍሬ ውስጥ የወጡ አራት ዘሮች አራት ዓይነት ዛፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ እንደ እናቱ፣ ሌላው ፍሬው ትንሽ፣ ሌላው መራራ፣ ሌላው ደግሞ አብቦ ፍሬ የማይዝ። እኛ በዚህ ከተማ ካዝሚርን ያበቀልነው በዘር ብቻ ነው። ስለዚህ በየግቢው ያለው ዛፍ ሁሉ የተለያየ ነው፤ መራራው ከጣፋጩ ጋር ተቀላቅሎ ገበያ ይወጣል፤ መራራው የደረሰው ሰው ሁለተኛ አይገዛም። የፍሬው ስም የጠፋው እንደዚህ ነው።

አለቃቀሙም አለበት። ካዝሚር ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ከቆየ ወድቆ ይፈርጣል፤ ገና ሳይደርስ ከተቀጠፈ ደግሞ ጣፋጩ እንኳ አፍ ይይዛል። አበባ ካየን በኋላ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በእኔ ጓሮ ጥምቀት ሲቃረብ ያብባል፤ ለፍልሰታ ጾም ይደርሳል። እናቴ «ከቡሄ በፊት እጁን የሚያነሣ የለም» ብላ ሕግ አውጥታ ነበር። የመጀመሪያው ፍሬ በራሱ ጊዜ ሲወድቅና የሌሎቹ ቆዳ ጥቁር አረንጓዴነቱን ለቆ ሲፈካ፣ ታላቅ ወንድሜ ዛፉ ላይ ይወጣል፤ ፍሬውን ከነትንሽ ዘንጉ በቢላዋ ይቆርጣል፤ በከረጢት አድርጎ በገመድ ያወርደዋል። በዱላ መምታት ክልክል ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ የተመታበት ቦታ ይጠቁራል፤ ጥቁሩም ይመራል። እናቴ ፍሬውን በእንቅብ ውስጥ ጭድ አንጥፋ ትደረድረዋለች፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን በጣት ሲነኩት እንደ ሕፃን ጉንጭ ይሰጣል። ያን ጊዜ ነው የሚበላው። ቆዳው አይበላም፤ የምሬቱ መኖሪያ እሱ ነው። ሆያ ሆዬ ሊሉ የሚመጡ ልጆች ከሌላው ቤት ሙልሙል ብቻ ሲያገኙ ከእኛ ቤት ሙልሙልና ካዝሚር ያገኙ ነበር፤ ስለዚህ ግጥሙን የሚያስረዝሙት እኛ በር ላይ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ገበያ የሚወርደው ካዝሚር በሐምሌ መጀመሪያ በዱላ የረገፈ ጥሬ ነው። ሻጯን አልፈርድባትም፤ ልጆቿን ማብላት አለባት፤ ዛፉ ላይ ብትተወው ሌሊት ወፍና ሌባ ይቀድሟታል። ገዢው ግን አንዴ ነክሶ ይተፋዋል፤ «ድሮስ ካዝሚር» ይላል።

ወደ መራራው ዛፌ ልመለስ። ልቆርጠው መጥረቢያ ይዤ ወጥቼ ነበር። እናቴ ስትሰማ «ሥሩ ምን በደለህ? አትንካው» አለችኝ። በማግስቱ ዓመት እናቴ አረፈች፤ ዛፉን ከዚያ በኋላ ለመቁረጥ እጄ እንቢ አለ። እንዲያው ቆሞ ለጥላ ሲያገለግል ኖረ። በ2006 ዓ.ም. የጎረቤታችን ልጅ ግብርና ተምሮ ለእረፍት መጣ። የነገርሁትን ከሰማ በኋላ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «አባባ፣ ግንዱን ተወው፤ ራሱን ለውጠው።»

እንዲህ አደረግን። በየካቲት መጨረሻ ወደ እናቴ ግቢ ሄደን፣ ከጣፋጩ ዛፍ ላይ እርሳስ የሚያህሉ ጤነኛ ቅርንጫፎች መረጥን። በዚያን ዕለት አልቆረጥናቸውም፤ ቅጠላቸውን ብቻ መለመልን፤ የቅጠሉን ዘንግ ተውንላቸው። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ዘንጎቹ በራሳቸው ረገፉ፤ ከሥራቸው ያሉት እንቡጦች አብጠው ሊፈነዱ ደረሱ። ያን ጊዜ ቆርጠን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ወሰድናቸው። የእኔን ዛፍ ቅርንጫፎች በደረቴ ቁመት ላይ በመጋዝ ቆረጥን፤ አንዱን ቅርንጫፍ ግን አልነካነውም፤ ሥሩን እንዲመግብ ተውነው። የተቆረጠውን ጉቶ አፉን በስለት ሰነጠቅን፤ የመጣውን ቅርንጫፍ እንደ ሽብልቅ ጠርበን ከተትንበት። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን የሁለቱም መግጠም አለበት፤ ሽብልቁ መካከል ላይ ከተቀመጠ ይደርቃል፤ ወደ ጠርዝ ተጠግቶ ቅርፊት ከቅርፊት ሥር ሲገናኝ ይያያዛል። ከላስቲክ ከረጢት በቀደድነው ጥብጣብ አጥብቀን አሰርነው፤ ክፍት የቀረውን ቦታ ባለቤቴ ከጧፍ ባቀለጠችው ሰም ደፈንነው። ከፀሐይ እንዲጠለል በጆንያ ጋረድነው።

አሥራ ሁለት አዳቀልን። ሰባቱ ደረቁ። አንዱ ከበቀለ በኋላ በሰኔ ነፋስ ተገነጠለ። አራቱ ያዙ። አራት ይበቃል። ከሥር የሚያቆጠቁጠውን መራራውን ቡቃያ በየሳምንቱ እየቀነጠብሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ያችን የመገበች ቅርንጫፍም ቆረጥኋት። በሦስተኛው ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ነሐሴ ላይ ፍሬ ደረሰ። እኅቴን ጠራኋት። ከእንቅቡ አንዱን አንሥቼ ከፍዬ ሰጠኋት፤ ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ አልነገርኋትም። አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤ ማንኪያውን አስቀመጠች፤ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «የእማዬ ነው» አለች።

ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ የተቆረጠው ዛፍ በእኔ ግቢ ውስጥ በሕይወት አለ። ሌሎቹስ? በዚህች ከተማ በየጓሮው ያረጁ ጣፋጭ ካዝሚሮች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው የሚያውቋቸው፣ ጎረቤት የሚመሰክርላቸው። አንዱ ፍሬው ትልቅ ነው፤ አንዱ ዘሩ ሁለት ብቻ ነው፤ አራዳ አካባቢ የማውቀው አንዱ ደግሞ ከሌሎቹ ዘግይቶ እስከ ጥቅምት ይቆያል። እያንዳንዱ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ሲቆረጥ ከዘሩ ቢተክሉት እሱ አይመለስም። ግቢ እየተከፈለ፣ ክፍል እየተሠራ፣ በየዓመቱ ስንቱ ይወድቃል?

ይህን ይዤ ወደ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ነበር። «ካዝሚር ታፈላላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። የተቀበለኝ ሰው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ግን «አባት፣ እሱ እኮ የድሮ ዛፍ ነው፤ የሚጠይቀው የለም» አለኝ። ስሙ ከተዘነጋ ማን ይጠይቀዋል? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ስንት ችግኝ ይተከላል፤ ሰልፍ ወጥቼ እኔም ተክያለሁ። ከሚታደሉት ችግኞች መካከል ለዚህ ከፍታ የተፈጠረ፣ ውኃ የማያስቸግር፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ፍሬው የሚበላ ዛፍ ቢኖር ምን ይጎዳል? የተዳቀለ አቮካዶ የሚያፈላ ጣቢያ ካዝሚርን ለማዳቀል የሚጎድለው ነገር የለም፤ ስለቱም፣ ላስቲኩም፣ እጁም አለው። የሚጎድለው ጥሩ እናት ዛፎች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ መዝገብ ብቻ ነው። ያንን ሠፈሩ ያውቃል። በየቀበሌው አንድ አንድ ሰው ዞሮ ቢጠይቅ በአንድ ክረምት ያልቃል። ጊዜው ግን ነሐሴ ነው፤ ፍሬው ሳይቀመስ ዛፍ አይመረጥም።

ለመትከል ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር፤ የሙያዬም ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ካዝሚር ከቤት ግድግዳ፣ ከአጥርና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ። ሥሩ ብርቱ ነው። የፋሲለደስ መዋኛን ግንብ የዛፍ ሥር እንዴት አድርጎ እንደጨመደደው ያየ ሰው ይህን ምክር አይንቅም። ችግኙ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ መውጣት ስለሚወድ ቁመቱ አንድ ሜትር ሲሆን ጫፉን ቀንጥቡት፤ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ኋላ መሰላል አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት በጋዎች ውኃ ይፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ከሌለ የአትክልት፣ የእህልና የእጅ እጣቢ ይበቃዋል፤ እኔ ያሳደግሁት በእሱ ነው። በረኪና ያለበትን የልብስ እጣቢ ግን አታፍስሱበት። ብስባሽ ከሥሩ ዙሪያ አልብሱት፤ ግንዱን አያስነኩት። የወደቀውን የበሰበሰ ፍሬ በየቀኑ ለቅማችሁ ቅበሩት፤ አለዚያ የፍራፍሬ ዝንብ ይራባበትና ዘይቱናችሁንም ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ ስለ ዘሩ። በፍሬው ውስጥ ከሁለት እስከ አምስት፣ እንደ ትልቅ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች ያለ ነጭ ዘር አለ። መርዛማ ነው። የደም ግፊትን የሚያወርዱና ድብታ የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች አሉት። ለሕፃን ፍሬውን ስትሰጡ ዘሩን ራሳችሁ አውጡ፤ አውጥታችሁም ከብትና ውሻ የማያገኙት ቦታ ጣሉት። ቅጠሉን አፍልተው ለደም ግፊት የሚጠጡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ይህን ካደረገ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወርድበት ስለሚችል እባካችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትሞክሩት። የነጣውን ሥጋውን ግን ያለ ሥጋት ብሉት፤ ልጅም ሽማግሌም፣ ጥርስ ያለውም የሌለውም ይበላዋል።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። አረጀብኝ፣ ቦታ ያዘብኝ ብሎ ካዝሚሩን ሊቆርጥ ያሰበ የጎንደር ሰው ካለ፣ ፍሬው ጣፋጭ ከሆነ፣ ከመጋዙ በፊት አንድ ወር ያህል ጊዜ ይስጠን። ከዛፉ የምንፈልገው ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው፤ ቅጠላቸውን መልምለን ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን፤ ከዚያ ግንዱ የእሱ ነው። በጓሮው መራራ ካዝሚር ቆሞ የሚያናድደው ሰው ካለ ደግሞ አይቁረጠው፤ ያ ዛፍ ሥር አለው፤ ሥር ማለት ዘጠኝ ዓመት ነው።

እኔ ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ጀምሮ የእናቴን ካዝሚር ቅርንጫፎች ለማዳቀል እመለምላለሁ። ዘንድሮ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ይወጣል ብዬ አስባለሁ፤ ዋጋ የለውም። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ የሳኒተሪያኑ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፤ ሠፈሩ ያሳያችኋል። እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፤ ቅርንጫፉ በዚያው ዕለት መዳቀል አለበት፤ ለማያውቅ ሰው አካሄዱን እዚያው አሳያለሁ። ሰሙን ባለቤቴ ታቀልጣለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ ሳኒተሪያን
ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ፣ ጎንደር